ስለ አንድ የዳንስ ፊልም ጥቅምና ጉዳት



ከተማችን ሞጆ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው መንገድ ያልፍባታል፤ ወደ ሻሸመኔና ወደ ሐዋሳ የሚወርደውም ከእርስዋ ይገነጠላል፤ ደረቁም ወደብ የሚገኘው በእርስዋ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ በታላላቅ የብረት ሣጥን ተጭኖ ከደጃችን ሲደርስ ሰነዱ ይመረመራል፥ ቀረጡ ይከፈላል፥ የተከለከለውም ከተፈቀደው ይለያል። ከዚያው ከባሕር ማዶ የሚመጣ አንድ ሌላ ዕቃ ግን አለ፤ እርሱም ፊልም ነው። ይህ ዕቃ ቀረጥ አይከፍልም፤ ፈታሽም በበር ቆሞ አይጠብቀውም፤ በልጆቻችን የእጅ ስልክ ገብቶ እስከ መኝታ ቤታቸው ይደርሳል። እንግዲህ የዚህ ዕቃ ፈታሽ ማን ይሁን ቢባል ከአባትና ከእናት በቀር ሌላ የለም። ፈታሽ ደግሞ ሣጥኑን ሳይከፍት «መርዝ ነው» ብሎ ቢመልስ፥ ወይም ሳያይ «ይለፍ» ቢል፥ በሁለቱም መንገድ ሥራውን አልሠራም።

ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን አንዱን ሣጥን ከፍተን በውስጡ ያለውን እንመረምራለን። የመረጥነውም «ስቴፕ አፕ» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ስሙ በእኛ አነጋገር «ወደ ላይ መራመድ» እንደ ማለት ነው። ይህ ፊልም በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ የታየ ሲሆን፥ ያዘጋጀችው አን ፍሌቸር የምትባል ቀድሞ ራስዋ ዳንሰኛ የነበረች ሴት ናት። 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበት ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶአል፤ ከዚህም የተነሣ እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ አራት ተከታዮች ተሠሩለት። ዛሬም ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ወጣቶች እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ያዩታል።

የዚህም ዓይነት ታሪክ በእርሱ አልተጀመረም። በ1961 እ.ኤ.አ. «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»፥ በ1987 «ደርቲ ዳንሲንግ»፥ በ2001 «ሴቭ ዘ ላስት ዳንስ» የተባሉት ፊልሞች ሁሉ፥ ከተለያየ ወገን የመጡ አንድ ወጣትና አንዲት ልጃገረድ በዳንስ ተገናኝተው ሲዋደዱ ያሳያሉ። እንዲያውም የመጨረሻውን የጻፈው ዱዌን አድለር የተባለው ደራሲ «ስቴፕ አፕ»ንም ከሌላ ደራሲ ጋር ጽፎአል። እንግዲህ አንዱን በሚገባ የመረመረ ሰው የሌሎቹንም ጠባይ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በባልቲሞር ከተማ ታይለር ጌጅ የሚባል ጎረምሳ አለ። ከወለዱት ወላጆች ጋር ሳይሆን በአሳዳጊዎች ቤት ነው የሚኖረው። ማክና ስኪኒ ከሚባሉ ሁለት ወንድማማች ባልንጀሮቹ ጋር አንድ ሌሊት ወደ አንድ የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው የመድረኩን ዕቃ ይሰባብራሉ። ዘበኛ ሲደርስባቸው ታይለር ባልንጀሮቹን አስመልጦ ብቻውን ይያዛል። ከዚህ በኋላ በዚያው ባጠፋበት ትምህርት ቤት 200 ሰዓት እንዲያገለግል ይፈረድበታል። በዚያም ወለል ሲወለውልና ቆሻሻ ሲያወጣ ሳለ ኖራ ክላርክ የምትባለውን የባሌት ተማሪ ያያል። ኖራ ለዓመቱ መጨረሻ ትርኢት በመዘጋጀት ላይ ሳለች አብሮዋት የሚደንሰው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ይቀርባታል፤ በእርሱ ፋንታ የሞከሩትም አልሆኑላትም። ታይለር በመንገድ የለመደውን ዳንስ ሲደንስ አይታው ነበርና እርሱ አብሮዋት እንዲለማመድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መቀራረብና መኮራረፍ፥ መተውና መመለስ ይፈራረቃል። በመካከሉም ታናሹ ስኪኒ የሌላ ሰው መኪና ወስዶ ሲነዳ በጥይት ተመቶ ይሞታል። በመጨረሻ ሁለቱ በመድረክ ቆመው ይደንሳሉ፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ እርስዋ የሥራ ተስፋ ታገኛለች፤ እርሱም በትምህርት ቤቱ ተቀባይነት ያገኛል።

መልካሙን እናስቀድም።

አንደኛ፥ የቅጣቱ ነገር የሚያስመሰግን ነው። ልጁ የሰበረውን ቤት እንዲያገለግል ተፈረደበት እንጂ ከሰው ተለይቶ እንዲዘጋበት አልተደረገም። የአገራችን ሽማግሌዎች በዳይን ካሣ አስከፍለው ከተበዳዩ ጋር አንድ ማዕድ እንዲቈርሱ የሚያደርጉት ይህንኑ በማሰብ ነው። ጥፋተኛው ያጠፋውን ነገር በየቀኑ በዐይኑ ማየቱ፥ የተበዳዩንም ድካም ቀርቦ ማወቁ፥ ከግርፋት ይልቅ ልብ ይሰብራል። የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ጎርደንም ልጁን አላቀፈችውም፥ አላባረረችውምም፤ «መሥራት መፈለግህን በሥራህ አሳየኝ» የሚል አኳኋን ነው ያሳየችው። እኛ መምህራን ከዚህች ሴት የምንማረው አለን።

ሁለተኛ፥ ፊልሙ የልጁን እውነተኛ በሽታ አግኝቶታል። የታይለር ደዌ ሌብነት ወይም ጠብ አይደለም፤ የጀመረውን አለመጨረስ ነው። ጥቂት ሲያስቸግረው ይተዋል፤ ሲነቅፉት ይኮበልላል። በዚህ በሽታ የተያዘ ተማሪ ያላየ መምህር ካለ ንገሩን። ፊልሙ ለዚህ የሚያቀርበው መድኃኒት ምክር ሳይሆን ሌላ ሰው በእርሱ ላይ ተደግፎ መቆሙ ነው፤ እርሱ ከቀረ ኖራ ትወድቃለችና። ሰው ለራሱ የማይጨርሰውን ሥራ ለሚታመንበት ሰው ሲል መጨረሱ እውነት ነው፤ በዚህ ረገድ ፊልሙ አልዋሸም።

ሦስተኛ፥ ሁለት ዓይነት ትምህርት ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሳይንቅ ይተዋል። ኖራ ባሌትን በሥርዓት ተምራለች፤ ታይለር ደግሞ ከጎዳና ለቅሞአል። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ፤ በኋላ ግን እርስዋ ከእርሱ ነፃነትን፥ እርሱም ከእርስዋ ሥርዓትን ይማራል። በቤተ ክህነትም በዘመናዊም ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ይህን መናናቅ እናውቀዋለን። የቆሎ ተማሪውን «ኋላ ቀር» የሚል፥ የአስኳላውን ተማሪ «ባዶ» የሚል ዘመን አልፎአል፤ ሁለቱን ያጣመረም ሰው ብዙ እንደ ሠራ አይተናል።

አራተኛ፥ የኖራን እናት እንደ ጠላት አላሳያቸውም። እኒህ ሴት ባላቸው ሞቶባቸው ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሚመኙ ናቸው፤ ዳንስ እንጀራ አይሆናትም ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው የእናት ስጋት ነው። ፊልሙም በመጨረሻ የልጃቸውን ድካም በዐይናቸው እንዲያዩ እንጂ እንዲያፍሩ አላደረገም።

አሁን ወደ ነቀፋው እንመለስ።

ትልቁ ጉድለት የጊዜ ጉድለት ነው። በአንድ የትምህርት ዘመን ጥቂት ወራት ውስጥ የመንገድ ልጅ ባሌት ከልጅነትዋ ጀምራ ከተማረች ልጃገረድ ጎን ቆሞ ሕዝብን ያስደንቃል። ለዐይን ይጥማል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። የልምምዱ ድካም ሙዚቃ ተጨምሮበት በጥቂት ደቂቃ ያልፋል፤ ላቡ ይታያል፥ ዓመቱ ግን አይታይም። ይህን ያየ ልጅ ተሰጥኦ ማለት ቁልፍ የተገኘለት ሣጥን ይመስለዋል፤ ሲሞክረው በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ያብጥና «ለእኔ አልተሰጠኝም» ብሎ ይተዋል። እንግዲህ ፊልሙ በአንድ እጁ ያስተማረውን ጽናት በሌላው እጁ መልሶ ይወስደዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የስኪኒ ሞት ነው። ጥፋት ዋጋ እንደሚያስከፍል ማሳየቱ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ያ ሕፃን የሞተው ታይለር እንዲለወጥ ብቻ ይመስላል። ተቀበረ፥ ታለቀሰለት፥ ከዚያም ወደ ትርኢቱ ተሮጠ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሞት በአንድ ሠፈር ቢደርስ ድንኳን ይተከላል፥ ዕድርተኛው ያድራል፥ አርባው ይወጣል፥ ሙት ዓመቱ ይታሰባል፤ እናቲቱም እስከ ዕለተ ሞትዋ ያንን መንገድ ባለፈች ቊጥር ፊትዋን ታዞራለች። ፊልሙ ለዚህ ጊዜ አልነበረውም። የሰውን ሞት ለሌላው ደስታ መወጣጫ አድርጎ የለመደ ዐይን፥ በእውነተኛው ልቅሶ ቤት ምን ያህል እንደሚቀመጥ እንጠራጠራለን።

ሦስተኛው ጉድለት የቤቶቹ ባዶነት ነው። የታይለር አሳዳጊዎች አሉ ከሚባሉ የሉም ቢባል ይቀላል። ወጣቶቹ የሚመካከሩት ከወጣቶች ጋር ነው፤ የሚጨፍሩት በወጣቶች መካከል ነው፤ የሚጣሉትም የሚታረቁትም ያለ ሽማግሌ ነው። አክስት የለች፥ የክርስትና አባት የለ፥ ጎረቤት የለ። ይህ የዚያ አገር ኑሮ ይሆናል እንል ይሆናል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ ይህን የሚያይ የእኛ ልጅ፥ በቤቱ ሙሉ ዘመድ ሳለው ራሱን ብቸኛ አድርጎ መቊጠር ይጀምራል።

አራተኛው የፍቅሩ ነገር ነው። በፊልሙ ፍቅር የጥሩ ዳንስ ሽልማት ሆኖአል። መድረኩ ሲያልቅ ሁለቱ ይሳሳማሉ፤ ፊልሙም በዚያ ያበቃል። ኑሮ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ታይለርንና ኖራን ሆነው የተጫወቱት ቻኒንግ ታተምና ጄና ዲዋን በዚህ ፊልም ተገናኝተው እ.ኤ.አ. በ2009 ተጋቡ፤ በ2018 ግን መለያየታቸውን አስታወቁ። ይህን የምንናገረው ልንፈርድባቸው አይደለም፤ የሰውን ትዳር ውስጡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን አብሮ መደነስ አንድ ነገር፥ አብሮ መኖር ሌላ ነገር መሆኑን ፊልሙ ያልነገረንን የተዋንያኑ ኑሮ ነግሮናል። ከዚህም ጋር በጭፈራ ቤቶቹ ትርኢት የሚታየው አለባበስና አንዳንዱ ንግግር ለሕፃናት አይስማማም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያስገነዝብ ምልክት ሰጥተውታል።

ባለፈው ዓመት በገበያችን ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ወደ ትምህርት ቤት መጥተው፥ «መምህር፥ ልጄ ፊልም አይታ ትምህርቴን ትቼ ዳንሰኛ እሆናለሁ ትላለች። ልምታት ወይስ ልተዋት?» ብለው ጠየቁን። ልጅቱ በ10ኛ ክፍል ትማር ነበር። እኛም ከመምታቱም ከመተዉም በፊት ዳንሰኛ የሚሆን ሰው ምን እንደሚከፍል እርስዋም እርሳቸውም ይወቁ ብለን፥ በአገራችን በእውነት የተደረገውን ነገር ለሁለቱም አወራናቸው። ታሪኩ ለሌሎችም ወላጆች ይጠቅማልና እንጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ አሠልጣኝ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ሙዚቃ ትርኢት አሳየ። ከዚህም ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። የረዳቸው ጀሚናይ ትረስት የሚባለው፥ መንታ የወለዱ ድሆች ቤተሰቦችን ለመርዳት በዶክተር ካርሜላ ግሪን አባተ የተቋቋመው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ከልጆቹ 18 ያህሉ ተመርጠው ለአምስት ዓመት ሠለጠኑ። አምስት ዓመት! በፊልሙ ጥቂት ወር የሆነው በእውነቱ ዓለም አምስት ዓመት ሆነ። ልጆቹም የተማሩትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ ለሌሎች ችግረኛ ልጆች አስተማሩ፤ አካል ጉዳተኞችም አብረው የሚደንሱበት ቡድን ተቋቋመ። ከእነርሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳቡሮ ተሺጋዋራ በተባለው ጃፓናዊ የዳንስ ሊቅ ሥር እንዲማር በሮሌክስ ድርጅት ተመረጠ፤ በ2009 ደግሞ ከባልንጀራው ከአዲሱ ደምሴ ጋር በሎንዶን ሳድለርስ ዌልስ በሚባለው ስመ ጥር ቴአትር ቤት ታዩ። ማልዱምም ይህንኑ ዓይነት ሥራ በበርሊን 250 ያህል ተማሪዎችን ይዞ ሠርቶት፥ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሪዝም ኢዝ ኢት» የሚባል እውነተኛ ፊልም ወጣበት። ከ«ስቴፕ አፕ» ቀጥሎ ምን እንይ የሚል ወጣት ቢኖር ይህን እንመክረዋለን፤ በዚያ ልጆቹ ሲሰለቹ፥ ሲያኮርፉ፥ እንደ ገናም ሲጀምሩ ይታያሉና።

ይህን ከሰሙ በኋላ እናትና ልጅ አንድ ውል አደረጉ። ልጅቱ ትምህርትዋን ሳትተው አንድ ዓመት በየቅዳሜው ከሴቶች ጓደኞችዋ ጋር እንድትለማመድ፥ እናትዋም በየወሩ አንድ ጊዜ መጥተው እንዲያዩ ተስማሙ። ዛሬ 11ኛ ክፍል ናት። ዳንሰኛ ትሁን አትሁን ገና አልታወቀም። የታወቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቱ ከእናትዋ ተሰውራ የምታደርገው ነገር የለም።

አንዳንድ ምእመናን ግን «ክርስቲያን ስለ ዳንስ ይህን ያህል መናገሩ ምን ይረባል? ጨርሶ ቢከለከል አይሻልምን?» ይሉ ይሆናል። ለእነዚህ የምንሰጠው መልስ በራሳችን ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያናችን እግርንና እጅን ከምስጋና አልከለከለችም። መቋሚያውና ጸናጽሉ፥ ከበሮውና ሽብሸባው፥ ዝማሜውና መረግዱ፥ ጽፋቱም ሁሉ ሰውነት በሥርዓት የሚያመሰግንባቸው ናቸው። ይህንንም ለመማር ወደ ጎንደር በአታ የወረደ ደቀ መዝሙር ስንት ክረምት እንደሚከርም አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በመጽሐፍም ሁለት ዓይነት ጭፈራ እናነባለን። ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ዘለለ፤ ሜልኮልም በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው፤ ነቀፋውም በእርስዋ ላይ ተመለሰ። የሄሮድያዳ ልጅ ደግሞ በሄሮድስ የልደት ግብዣ ላይ ደነሰች፤ ዋጋውም የመጥምቁ ዮሐንስ ራስ ሆነ። ሁለቱንም የለያቸው የእግር አነሣሥ አይደለም። በማን ፊት፥ ስለ ምን፥ በምን ዋጋ ተደነሰ የሚለው ነው የለያቸው።

የሀገራችንንም የጨዋታ ልማድ በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ብንመረምረው ጥበቡ ይታየናል። በሐረርጌ ሸጎዬ ወንድና ሴት ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው ይጫወታሉ፤ በሸዋ ኦሮሞ ረገዳውን፥ በአማራውም እስክስታውን በሠርግ እናውቀዋለን። በዚያ ሁሉ የሚተያዩ ወጣቶች አሉ፤ መዋደድም ይጀመራል። ነገር ግን አባትና እናት፥ አጎትና አክስት ዙሪያውን ከበው ያጨበጭባሉ። የሚዋደዱትን ልጆች ሠፈሩ ሁሉ ያያቸዋል፤ አብሮም ይጠብቃቸዋል። «ስቴፕ አፕ» የጎደለው ይህ ክብ ነው። ታይለርና ኖራ ለብቻቸው ተለማምደው በመጨረሻ በማያውቃቸው ሕዝብ ፊት ይቆማሉ፤ በመካከሉ የሚያውቃቸውና የሚያያቸው ሰው እምብዛም የለም።

ወላጆች ሆይ፤ እንግዲህ ፊልሙን ምን እናድርገው? ለሕፃናት አታሳዩ። ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ልጃችሁ ግን ቢጠይቃችሁ፥ ወይም ጠይቋችሁ ሳይሆን አይታችሁት ብትደርሱ፥ ስልኩን ከእጁ ከመንጠቅ ይልቅ አጠገቡ ተቀመጡና አብራችሁት እዩ። ሲያልቅ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁት። እነዚህ ልጆች የደነሱት በማን ፊት ነው? ስለ ምን ነው? ማንስ ነው ዋጋውን የከፈለ? የስኪኒን ስም ራሱ ካነሣ ልቡ እንዳልደነዘዘ ዕወቁ፤ ካላነሣ ግን እናንተ አንሡለት። አባት በሥራ ርቆ የሚውል፥ በተለይም በከባድ መኪና መንገድ ላይ የሚያድር ከሆነ፥ በተመለሰበት ቀን አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ከሚያመጣው ስጦታ ሁሉ ይበልጣል።

ሚዛናችን ይህ ነው። ፊልሙ ስለ ጽናትና ስለ ካሣ እውነት ተናግሮአል፤ ስለ ጊዜ፥ ስለ ሞትና ስለ ትዳር ግን አሳጥሮ አልፎአል። ያሳጠረውን የምናስረዝመው እኛ ነን። ልጅ ያየውን ነገር ሁሉ ልንከለክለው አንችልም፤ ብቻውን እንዳያየው ማድረግ ግን በእጃችን ነው። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።